ሸክም ያልሆነው መቋቋም፦ የፍራፍሬ ዝንብ፣ ዲዲቲና አንድ ዘረመል

ተባይ ማጥፊያው ኬሚካል ዲዲቲ በአሜሪካ እርሻዎች ላይ እንዳይረጭ የታገደው በ1972 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከእገዳው ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ የእንግሊዙን የባዝ ዩኒቨርሲቲና የአውስትራሊያውን የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሰባሰበ ቡድን ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የተገኙ የፍራፍሬ ዝንብ ዘሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መረመረ። ዲዲቲን የሚቋቋሙት ሁሉ አንድ ዓይነት የዘረመል ምልክት ተሸክመው ተገኙ፤ በቀላሉ የሚሞቱት ደግሞ ምልክቱ አልነበራቸውም። ይህች ዝንብ በሞቃት ወቅት በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከእንቁላል ተነሥታ ራሷ እንቁላል የምትጥል እናት ስለምትሆን፣ ሠላሳ ዓመት ለእርሷ በመቶዎች የሚቆጠር ትውልድ ነው። ኬሚካሉን መቋቋም ሸክም ቢሆን ኖሮ፣ ሸክሙ የሌለባቸው ዘመዶቿ በዚህ ሁሉ ትውልድ ውስጥ በልጠው መውጣት ነበረባቸው። አልወጡም።

በተባይ ቁጥጥር ሥራ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረ አንድ ግምት አለ። መድኃኒት የተላመደ ተባይ መድኃኒቱ በሚረጭበት ቦታ ይጠቀማል፤ መድኃኒቱ በሌለበት ግን በመላመዱ ምክንያት አንድ ነገር ይጎድልበታል፤ ወይ ጥቂት እንቁላል ይጥላል፣ ወይ ዘግይቶ ያድጋል፣ ወይ ብርድ ቶሎ ይገድለዋል። ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት የመቋቋም የብቃት ዋጋ ይሉታል፤ ብቃት ሲባልም ጉልበት ወይም ጤንነት ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ፍጡር ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያተርፈው የልጅ ብዛት ማለት ነው። ግምቱ እውነት ከሆነ አንድን ኬሚካል ለጥቂት ዓመታት ማሳረፍና በሌላ መተካት፣ ከዚያም ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። በፈረቃ የመርጨት ዕቅዶች ብዙዎቹ የቆሙት በዚህ ተስፋ ላይ ነው። የዲዲቲና የፍራፍሬ ዝንቧ ታሪክ ይህን ተስፋ በደንብ የሚፈትን ጉዳይ ስለሆነ ከሥሩ ጀምሮ ማየት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ዝንቧና ኬሚካሉ

እዚህ ላይ የምንነጋገርባት ዝንብ በሳይንሳዊ ስሟ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ትባላለች። የበሰለ ሙዝ ወይም የተፈጨ ወይን በተተወበት ቦታ ሁሉ የምታንዣብብ፣ ርዝመቷ ከሦስት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቀይ ዓይን ያላት ትንሽ ዝንብ ናት። የማንጎ ወይም የብርቱካን ፍሬን በስታ እንቁላሏን ውስጡ ከምታኖረው፣ ለገበሬ ትልቅ ጠላት ከሆነችው ሌላዋ የፍራፍሬ ዝንብ ጋር በስም ቢመሳሰሉም በቤተሰብ ይለያያሉ። ድሮሶፊላ የሚስባት መፍላት የጀመረ ፍሬ ነው፤ እጮቿም በዋናነት የሚመገቡት ፍሬውን የሚያፈላውን እርሾ ነው። ስለዚህ ዲዲቲ የተረጨው በአብዛኛው እርሷን ለመግደል ታስቦ አልነበረም። በወይን እርሻ፣ በፍራፍሬ ዛፎች ሥርና በሰው ቤት ውስጥ ለሌሎች ተባዮች የተረጨው ኬሚካል አልፎ ተርፎ ደረሰባት። ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም፤ አንድ ኬሚካል ያልታለሙ ፍጥረታትን ዘረመል ጭምር ሊቀይር እንደሚችል በግልጽ ካሳዩ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

ዲዲቲ በኬሚስቶች እጅ መጀመሪያ የተሠራው በ1874 ቢሆንም፣ ነፍሳትን የመግደል ኃይሉን በ1939 የደረሰበት በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በጋይጊ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፓውል ሙለር ነው፤ ለዚህም በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ኬሚካሉ የሚሠራው በነርቭ ሕዋስ ሽፋን ላይ ባሉት የሶዲየም በሮች ላይ ነው። በሮቹ ከተከፈቱ በኋላ በጊዜያቸው እንዳይዘጉ ስለሚያደርጋቸው ነርቡ ያለ ዕረፍት ይተኩሳል፤ ነፍሳቱም ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል። ከዚህ ለማምለጥ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ኬሚካሉ የሚይዘውን በር ራሱን መለወጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኬሚካሉ ወደ ነርቡ ከመድረሱ በፊት ሰባብሮ ማስወገድ ነው። የእኛ ዝንብ በሁለተኛው መንገድ ነው የሄደችው።

መቋቋሙ የታወቀው ኬሚካሉ በሰፊው መረጨት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነበር። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ ጹካሞቶና ኦጋኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዱር የተያዙ ዝንቦችን አዳቅለው፣ መቋቋሙ በዋናነት ከሁለተኛው ክሮሞዞም አንድ ውስን ስፍራ እንደሚመጣ አሳዩ። በዚያው አሥርት ዓመት በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ክሮው ዝንቦችን በቤተ ሙከራ ሳጥን ውስጥ ትውልድ በትውልድ ለዲዲቲ እያጋለጠ የሚቋቋም ዘር አወጣ። የእርሱ ውጤት ግን ከጃፓኖቹ የተለየ ነበር፤ መቋቋሙ በሦስቱም ዋና ዋና ክሮሞዞሞች ላይ ተበትኖ፣ ከብዙ ትናንሽ አስተዋጽኦዎች ተደምሮ የመጣ ሆኖ አገኘው። ልዩነቱ የሁለቱም ወገን ስሕተት አይደለም። በሳጥን ውስጥ ያሉ ጥቂት ሺህ ዝንቦች ያላቸው በመካከላቸው የሚገኘው ልዩነት ብቻ ስለሆነ መረጣው ያንን ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማል፤ በዱር ግን በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዝንቦች ስላሉ፣ በአንድ ጊዜ ትልቅ ጥቅም የሚሰጥ ብርቅ ለውጥ የሆነ ቦታ መገኘቱ አይቀርም፤ ከተገኘ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይቀድማል።

አንድ ቁራጭ ዲኤንኤ

ያ ብርቅ ለውጥ ምን እንደሆነ የተገለጸው ከላይ በጠቀስኩት የ2002 ሥራ ነው። ቡድኑ ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉትን ኢንዛይሞች የሚያዝዙትን የዝንቧን ዘረመሎች በሙሉ በአንድ ላይ ለካ። እነዚህ ኢንዛይሞች በሰው ጉበትም ውስጥ አሉ፤ የምንውጠውን መድኃኒትና ከምግብ ጋር የሚገባውን መርዝ የሚሰባብሩት እነርሱ ናቸው። ዝንቧ ከሰማንያ የሚበልጡ የዚህ ወገን ዘረመሎች ሲኖሯት፣ በሚቋቋሙት ዘሮች ሁሉ ያለ ልክ ሲሠራ የተገኘው ግን ሲፕ6ጂ1 የተባለው አንዱ ብቻ ነበር። የሚገኝበት ስፍራም የጃፓን ተመራማሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ካመለከቱት የሁለተኛው ክሮሞዞም ክልል ጋር ገጠመ።

ዘረመሉን ያነቃው ነገር ከደጃፉ ላይ የሰፈረ እንግዳ ነው። አኮርድ የሚባል፣ እንደ ቫይረስ ራሱን እየገለበጠ ከአንዱ የዲኤንኤ ስፍራ ወደ ሌላው የሚዘል ቁራጭ አለ፤ የዚህ ቁራጭ የጫፍ ክፍል ከሲፕ6ጂ1 መነሻ ጥቂት ቀደም ብሎ ገብቶ ተተክሏል። ዘረመሉ የሚያዝዘው ኢንዛይም በዓይነቱ የተለየ ስለሆነ አይደለም ዝንቧ የምትተርፈው፤ ኢንዛይሙ በብዛት ስለሚመረት ነው። በ2007 የታተመ ሥራ እንዳሳየው የአኮርድ ቁራጭ በውስጡ ማንቂያ ትእዛዞችን ይዞ የመጣ ሲሆን፣ ትእዛዞቹ ዘረመሉን የሚያነቁትም በመካከለኛው አንጀት፣ የነፍሳት ኩላሊት ልንላቸው በምንችላቸው የማልፒጊ ቱቦዎችና በስብ አካል ውስጥ ነው። መርዝ የሚገባበትና የሚጣራበት በር ላይ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በተጨማሪ፣ ይህን ዘረመል ብቻ በሌላ መቀስቀሻ አማካይነት ከመጠን በላይ እንዲሠራ ያደረጉባቸውን ዝንቦች ፈጥረው መቋቋሙ ተከትሎ እንደሚመጣ አረጋግጠዋል። በ2008 ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች ዘረመሉን በትምባሆ ሕዋሳት ውስጥ አስገብተው፣ ሕዋሳቱ ዲዲቲንና ኢሚዳክሎፕሪድን ሲሰባብሩ ለክተዋል።

ኢሚዳክሎፕሪድ የሚለው ስም እዚህ የገባው በአጋጣሚ አይደለም። ይህ ኬሚካል ገበያ ላይ የዋለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዲዲቲ ጋር በአሠራሩም በዒላማውም አይገናኝም። ሆኖም በዲዲቲ ዘመን የተስፋፋው ዘረመል ለእርሱም መከላከያ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ‘ኬሚካሉ ታግዷል፣ ግፊቱም ቆሟል’ የሚለው አባባል ለዚህች ዝንብ ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ ዲዲቲ ቢቀርም በቦታው የተተካው ሌላ መርዝ ያንኑ ዘረመል መደገፉን ሊቀጥል ይችላል። ስለ ብቃት ዋጋ የሚቀርብ ማንኛውም የሜዳ ማስረጃ ይህን መሰናክል ማለፍ አለበት።

ሁሉም ተመራማሪ ግን በ‘አንድ ዘረመል’ ማብራሪያ አልረካም። በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ሲፕ6ጂ1 በብዛት እየሠራባቸው ዲዲቲን እምብዛም የማይቋቋሙ ዘሮች እንዳሉ አሳየ። በሚኒሶታ በ1950ዎቹ ተጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ለዲዲቲ ሲጋለጥ የኖረው 91-አር የተባለ የቤተ ሙከራ ዘርም ከዚህ ዘረመል ውጪ ሌሎች አስተዋጽኦዎች እንዳሉበት በተደጋጋሚ ተመልክቷል። እኔ ሁለቱን ወገኖች የማስታርቀው እንዲህ ነው፦ ሲፕ6ጂ1 በዱር ለሚያጋጥመው መጠን የሚበቃ ጋሻ ነው፤ በቤተ ሙከራ ለሚሰጠው ከባድ መጠን ግን ሌሎች ዘረመሎች መታከል አለባቸው። ይህ ልዩነት ስለ ብቃት ዋጋ ስንናገርም ይከተለናል፤ ምክንያቱም በቤተ ሙከራ የተቀጠቀጠ ዘር ላይ የተለካ ጉዳት የሲፕ6ጂ1 ጉዳት ነው ማለት አይቻልምና።

ስርጭቱ ምን ያህል ነበር?

በ2004 የታተመ የዓለም አቀፍ ዳሰሳ 34 የዱር ማኅበረሰቦችን፣ በድምሩ 673 ዘሮችን መርምሮ የአኮርድን መኖር ቆጠረ። ከአፍሪካ ውጪ ባሉት አካባቢዎች ድርሻው ከ85 እስከ 100 በመቶ ሲደርስ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ግን ከ32 እስከ 55 በመቶ ነበር። የድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር የትውልድ ስፍራ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ መሆኑን፣ ወደ ሌላው ዓለም የተስፋፋችውም ሰውን ተከትላ መሆኑን ስናስብ፣ አሮጌው ቅጂ፣ ማለትም አኮርድ ያልገባበት የዘረመሉ ዓይነት፣ በእናት ምድሯ በብዛት መቆየቱ ትርጉም ያለው ነገር ነው። በዘረመሉ ዙሪያ ያለው የዲኤንኤ ልዩነትም በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ አንድ ለውጥ በፍጥነት ሲስፋፋ ጎረቤቶቹን ይዞ እንደሄደ የሚጠቁም አሻራ ነው፤ ጎርፍ በአንድ ዓይነት ደለል የሸፈነው መሬት ይመስላል።

የቅርብ ዘመዷ የሆነችው ድሮሶፊላ ሲሙላንስም በካሊፎርኒያ በራሷ መንገድ ወደዚያው ደርሳለች። በ2004 ሽሌንኬና ቢገን የተባሉ ተመራማሪዎች ዶክ የሚባል ሌላ ዘላይ ቁራጭ በዚያችው ዝንብ ሲፕ6ጂ1 ደጃፍ ላይ ተተክሎ፣ በዙሪያውም ጠንካራ የመረጣ አሻራ ትቶ አገኙት። ሁለት ዝርያዎች በሁለት የተለያዩ እንግዶች አንድ በር ከፈቱ።

ከሁሉ ይበልጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በ2010 ከሜልበርን የወጣው ሥራ ነው። እዚያ እንደታየው አኮርድ የገባበት ለውጥ የመጀመሪያው እርምጃ ብቻ ነበር። ዘረመሉ ራሱ ተባዝቶ ጎን ለጎን ሁለት ሆኗል፤ በአንዳንዶቹ ዝንቦች በአኮርድ ላይ ኤችኤምኤስ-ቢግል የሚባል ሌላ ቁራጭ ገብቷል፤ በሌሎቹ ደግሞ በዚያ ላይ ፒ የሚባለው ተጨምሯል። ደረጃው አንድ እርከን ከፍ ባለ ቁጥር የመቋቋም አቅሙም ይጨምራል። ካንተን-ኤስን የመሰሉ፣ ከዲዲቲ ዘመን በፊት ከዱር ተይዘው በጠርሙስ የኖሩ ዘሮች ደግሞ የጥንቱን ያልተነካ ቅጂ እንደያዙ ናቸው። ከአንድ የሰው ዕድሜ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ በአንድ የዲኤንኤ ስፍራ ላይ ለውጥ በለውጥ ላይ እንዲህ ሲደራረብ በዓይን ማየት የተቻለበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው።

ዋጋው ተፈለገ

የብቃት ዋጋን መለካት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ተመራማሪ ሂኮኔ-አር የተባለውን፣ በ1950ዎቹ ከጃፓን የተገኘ ተቋቋሚ ዘር ወስዶ ከአሜሪካው ካንተን-ኤስ ጋር ቢያወዳድርና አንደኛው ብዙ እንቁላል ቢጥል፣ ስለ ሲፕ6ጂ1 ምንም አላወቀም። ሁለቱ ዘሮች በብዙ ሺህ ሌሎች ነጥቦችም ይለያያሉና። ትክክለኛው መንገድ ተቋቋሚውን ዝንብ ከካንተን-ኤስ ጋር ማዳቀል፣ ከልጆቹ ውስጥ የሚቋቋሙትን ብቻ መርጦ እንደገና ከካንተን-ኤስ ጋር ማዳቀል፣ ይህንንም ለብዙ ትውልድ መደጋገም ነው። በመጨረሻ የሚገኘው ዝንብ ከተፈለገው ዘረመልና ከአካባቢው በቀር በሁሉም ነገር ካንተን-ኤስ ይሆናል። ልፋቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ባነሰ ሥራ የቀረበን የ‘ዋጋ’ መረጃ በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ይመስለኛል።

በ2005 ማካርት፣ ባክሊንግና ፍሬንች-ኮንስታንት ይህን አድርገው፣ ዲዲቲ በሌለበት ሁኔታ ተቋቋሚዎቹንና ተጠቂዎቹን አወዳደሩ። ውጤቱ ከግምቱ ተቃራኒ ሆነ። ዋጋ ማግኘት ቀርቶ ጥቅም አገኙ፤ ተቋቋሚ እንስቶች ብዙ እንቁላል ጣሉ፣ እንቁላሎቻቸውና እጮቻቸውም ከሌሎቹ በተሻለ ተረፉ። ጥቅሙ ግን አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው፤ የሚታየው ዘረመሉ በእናት በኩል ሲወረስ ነበር። አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸው ሁለት እጮች፣ አንዱ ከእናቱ ሌላው ከአባቱ ስለወረሰ ብቻ ዕድላቸው ተለየ። እናቲቱ እንቁላሏ ውስጥ የምታስቀምጠው ስንቅ በመቋቋሟ ምክንያት እንደሚለወጥ የሚያመለክት ውጤት ነው።

ይህ ውጤት አንድ ጥያቄ ቢመልስም ከባድ የሆነ ሌላ ጥያቄ አስከተለ። ተቋቋሚው ቅጂ ዲዲቲ ከመምጣቱ በፊትም በዝንቦች መካከል ነበረ። ያለ ዲዲቲም ለእንስቶች ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ፣ ዲዲቲን ሳይጠብቅ ለምን አልተስፋፋም? ጥቅም ያለው ዘረመል ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንድ የሚይዘው ነገር መኖር አለበት።

በእንግሊዝ ኮርንዎል በሚገኘው የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የዴቪድ ሆስከንና የኒና ዌዴል ቡድን መልሱን በወንዶቹ ላይ ፈለገ። ቀደምት ልኬቶች በአብዛኛው ያተኮሩት እንቁላል በሚቆጠርባት በእንስቷ ላይ ነበር። ወንድ ዝንብ ግን እንቁላል አይጥልም፤ የእርሱ ብቃት የሚለካው ስንት እንስቶች እንደተቀበሉትና ከተቀናቃኞቹ ስንቱን እንዳሸነፈ ነው። በ2011 የታተመው ሥራቸው ተቋቋሚውን ቅጂ ወደ ሁለት የተለያዩ የዘር ዳራዎች (ዳራ ማለት ዝንቧ ከዚህ ዘረመል በቀር ያላት የቀረው የዘረመል ስብስብ ነው) አስገብቶ ወንዶቹን ፈተነ። የወንዶቹ ጉዳት በአንደኛው ዳራ ታየ፣ በሌላው ግን አልተደገመም። የወንዶቹ የሰውነት መጠን ራሱ ተቋቋሚው ቅጂ እንደተጣመረበት ዳራ ተለዋወጠ። ቡድኑ ቀጥሎ ባወጣው ሥራ በካንተን-ኤስ ዳራ ውስጥ ያሉት ተቋቋሚ ወንዶች በአካል አነስ ያሉ፣ ለጠብ የማይቸኩሉና እንስትን በማሽኮርመምም ደከም ያሉ ሆነው አግኝቷቸዋል። ወንድ ድሮሶፊላ እንስትን የሚያማልለው አንድ ክንፉን ዘርግቶ እያርገበገበ ዜማ በማሰማት፣ እየተከተላትም በመዞር ነው፤ በዚህ ረገድ የሚያንስ ወንድ በጠርሙስ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ለብዙ ሳምንታት ቢኖርም ልጅ ሳይተው ሊሞት ይችላል። እንቁላልና ዕድሜ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ጉዳት በፍጹም አያየውም።

ቀሪው ጥያቄ የእንስቷ ትርፍና የወንዱ ኪሳራ ሲቻቻሉ ውጤቱ ምን ይሆናል የሚለው ነው። በ2015 ያው ቡድን መጀመሪያ በሒሳብ ሞዴል፣ ቀጥሎም ዲዲቲ በሌለበት ትውልድ በትውልድ በሚራቡ የዝንብ ማኅበረሰቦች ውስጥ ይህን ፈተነ። ሞዴሉ እንደተነበየው ተቋቋሚው ቅጂ ሙሉ በሙሉ አልነገሠም፣ ሙሉ በሙሉም አልጠፋም፤ ሁለቱ ቅጂዎች አብረው ጸንተው ቆዩ። ይህም ከ1940ዎቹ በፊት ተቋቋሚው ቅጂ ሳይስፋፋም ሳይጠፋም ለምን እንደቆየ ያብራራል። ዲዲቲ ሲመጣ የወንዱ ኪሳራ በሞትና በሕይወት መካከል ካለው ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ሆነ፤ ሚዛኑም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ወደቀ።

የእኔ ንባብ ከዚህ ይነሣል። ‘ይህ ዘረመል ዋጋ ያስከፍላል ወይስ አያስከፍልም?’ የሚለው ጥያቄ አጠያየቁ ትክክል አይደለም። አንድ ዓይነት ቁራጭ ዲኤንኤ በእንስቷ ውስጥ ሀብት፣ በወንዱ ውስጥ ዕዳ፣ በሌላ ዳራ ውስጥ ባለ ወንድ ላይ ደግሞ ምንም ሊሆን ይችላል። ዋጋው በዘረመሉ ላይ የተጻፈ ቁጥር አይደለም፤ ዘረመሉ ካረፈበት ቤት ጋር አብሮ የሚወሰን ነው።

ዋጋው የሚታይባቸው ሌሎች ዘረመሎች

ሲፕ6ጂ1ን ብቻ አይቶ ‘መቋቋም ዋጋ አያስከፍልም’ ማለትም ስሕተት ነው፤ በዚያችው ዝንብ ላይ ተቃራኒው አለና። ዳይልድሪንን የመሰሉ ኬሚካሎችን የሚያስቋቁመው አርዲኤል የተባለው ዘረመል የሚያዝዘው ፕሮቲን የነርቭ መልእክት ተቀባይ ነው። ለውጡ የሚነካው አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ሲሆን፣ ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሱ ዝንቦች በከፍተኛ ሙቀት ሽባ ይሆናሉ። ይህ በዓይን የሚታይ ዋጋ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሲፕ6ጂ1 የአንድን የማጽጃ ኢንዛይም መጠን ብቻ ሲያሳድግ፣ አርዲኤል ግን ነርቡ ለዕለት ተዕለት ሥራው የሚፈልገውን ክፍል ራሱን ይነካል።

ማላታይንን የመሰሉ ኬሚካሎች የሚያነጣጥሩበትን ኢንዛይም የሚያዝዘው ኤሲ የተባለው ዘረመል ደግሞ ከቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውጪ ተፈትኗል። በፊላዴልፊያ፣ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ በተተከሉ፣ ለፀሐይና ለዝናብ በተጋለጡ ትልልቅ የመረብ ቤቶች ውስጥ ዝንቦች ከበጋ እስከ መጸው በነፃነት ተራቡ፤ በአንዳንዶቹ ቤቶች ማላታይን ተሰጠ፣ በሌሎቹ አልተሰጠም። ኬሚካሉ ባለበት ተቋቋሚዎቹ ቅጂዎች በጥቂት ትውልድ ውስጥ በፍጥነት በዙ፤ ኬሚካሉ ሲነሣ ደግሞ ወደ ታች ተመለሱ። ዋጋው በእርግጥ ነበረ፤ ነገር ግን በተለየ ዘዴ ተሸፍኗል። ከአንድ ወላጅ ብቻ ተቋቋሚ ቅጂ የወረሰ ዝንብ ኬሚካሉ ሲኖር የመቋቋሙን ጥቅም ወደ ሙሉ የቀረበ ያገኛል፤ ኬሚካሉ በሌለበት ግን ከጉዳቱ በአብዛኛው ይድናል። እንዲህ ያለው ዘረመል መርጨት ሲቆም ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ መርጨት ሲጀመር ከተደበቀበት ወጥቶ ይጠብቃል።

የዘር ዳራ ምን ያህል እንደሚያስለውጥ ከፍራፍሬ ዝንቧ ውጪ የታወቀ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአውስትራሊያ በጎችን የምታጠቃው ሉሲሊያ ኩፕሪና የተባለችው ዝንብ ዲያዚኖን የተባለውን ኬሚካል መቋቋም ስትጀምር፣ ተቋቋሚዎቹ ግራና ቀኛቸው የማይመጣጠን፣ በዕድገታቸውም የደከሙ ነበሩ። ርጭቱ ሲቀጥል ግን ሌላ ዘረመል ላይ የተገኘ ለውጥ ጉድለቱን ጠገነው፤ ዋጋው ከነጭራሹ ተወገደ። ይህን ያጠናው የሜልበርኑ ጆን ማኬንዚ ነው። ስለዚህ አንድ ዘረመል ብቅ ባለበት ዓመት የተለካ ዋጋ ከሃያ ዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል፤ ርጭቱን ለማቆም የሚወስነው ሰው የሚዘገይበት እያንዳንዱ ዓመት ለዚያ ጥገና የተሰጠ ጊዜ ነው።

ከእኛ ጋር የሚያያዝበት

ዲዲቲ በኢትዮጵያ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ሲዘጋጅ የነበረ፣ ለአሥርት ዓመታትም የወባ ትንኝን ለመከላከል በቤቶች ግድግዳ ላይ ሲረጭ የኖረ ኬሚካል ነው፤ ዋናዋ ወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ እየተቋቋመችው በመምጣቷ በ2009 በሌሎች ኬሚካሎች ተተካ። በጅማ አካባቢ በግልገል ጊቤ በተሰበሰቡ ትንኞች ላይ በ2010 የታተመ ጥናት፣ የሶዲየም በሩን ራሱን የሚለውጠው ዘረመል በእጅጉ ተስፋፍቶ አግኝቷል። ትንኟ የሄደችው ከላይ በጠቀስኩት በመጀመሪያው መንገድ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ከድሮሶፊላ የተገኘውን የሲፕ6ጂ1 ውጤት በቀጥታ ወደ ትንኟ ማሻገር አይቻልም። ከዚህም በላይ፣ ዲዲቲን የተካው ዴልታሜትሪን በዚያው የሶዲየም በር ላይ የሚሠራ በመሆኑ፣ ስሙ ቢለወጥም በበሩ ላይ ያለው ግፊት አልተነሣም። ኬሚካል ማሳረፍ ትርጉም የሚኖረው ዒላማውም ሲያርፍ ነው።

ከዝንቧ ወደ ትንኟ የሚሻገረው የአጠናኑ ሥርዓት ነው። መቋቋም መኖር አለመኖሩን ለመከታተል የሚደረገው የተለመደ ምርመራ፣ ትንኞችን ኬሚካል በተቀባ ወረቀት አጋልጦ የሞቱትን መቁጠር ነው፤ የሚመረመሩትም እንስቶች ናቸው፣ የሚነክሱት እነርሱ ናቸውና። ይህ ስለ ዛሬው የርጭት ውጤት ይነግረናል፤ ርጭቱ ሲቆም ዘረመሉ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይነግረንም። ለዚያ የሚያስፈልገው ዘረመሉን ርጭት በቆመበት ቀበሌና ባልቆመበት ቀበሌ፣ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ፣ በእንስትም በወንድም ላይ መቁጠር፤ ከተቻለም ተቋቋሚውን ቅጂ ከአካባቢው በተያዙ ቢያንስ ሁለት የዘር ዳራዎች ውስጥ አስገብቶ የወንዶቹን የመራባት ዕድል መመዘን ነው። የኤክሰተሩ ቡድን በሁለተኛው ዳራ ላይ ወንዶቹን ባይፈትን ኖሮ፣ በካንተን-ኤስ ላይ ያየውን ጉዳት የሁሉም የፍራፍሬ ዝንቦች ጉዳት አድርጎ ይጽፈው ነበር።